ለቤት ጥገና ማንን እንጥራ፦ ሁለገብ ጠጋኝ ወይስ ሥራ ተቋራጭ?

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ያስወጣል?» ብለን ነው። ከዋጋው በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ግን ሥራው ቢበላሽ ጉዳቱ የት ድረስ ይሄዳል፣ ኃላፊነቱንስ ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ነው። የበር እጀታ ተጣሞ ቢገጠም በማግሥቱ ፈትቶ እንደገና መግጠም ይቻላል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ግን በደንብ ካልታሰረ ስህተቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ልስኑ ሲያብጥ፣ ቀለሙ ሲላጥና ሻጋታ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከቧንቧው ጋር ግድግዳውም ይጠገናል። ብዙ ሰው ምርጫውን በሥራው ትልቅነትና ትንሽነት ይወስናል፤ እኔ ግን የስህተቱ ጉዳት የት ድረስ እንደሚሄድ አይቶ መወሰን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የማቀርበው ምክርም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

በቅድሚያ ሁለቱ ሰዎች በምን እንደሚለያዩ ግልጽ እናድርግ። ሁለገብ ጠጋኝ የምንለው አናጢነትም፣ ቀለም ቅብም፣ ቀላል የቧንቧ ሥራም የሚችል፣ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ሥራውን ራሱ በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በሰዓት፣ በቀን ወይም በአንድ ሥራ ይቆረጣል። ሥራ ተቋራጭ በበኩሉ አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ ርክክቡ በውል የሚይዝ ሲሆን፣ ራሱ መዶሻ ላያነሳም ይችላል። የእርሱ ድርሻ ግንበኛውን፣ ኤሌክትሪሺያኑን፣ የቧንቧ ሠራተኛውንና ሴራሚክ ሠራተኛውን በየተራቸው ማሰማራት፣ ዕቃ ማቅረብ፣ የግንባታ ፈቃድ በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ፈቃዱን ማስጨረስ፣ የአንዱ ሠራተኛ ስህተት የሌላውን ሥራ ሲያበላሽም መልስ የሚሰጥ ሰው ሆኖ መገኘት ነው። የተቋራጭ ዋጋ ከፍ የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ የምንከፍለው ለጉልበትና ለዕቃ ብቻ ሳይሆን ለቅንጅቱና ለኃላፊነቱም ጭምር ነው። ቅንጅት የማይፈልግ ሥራን ለተቋራጭ መስጠት አላስፈላጊ ወጪ ነው፤ ቅንጅት የሚፈልግን ሥራ ያለ ተቋራጭ መጀመር ደግሞ ያንን የማቀናጀት ሸክም በራስ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም በአንድ ሙያ ብቻ የሠለጠነና ለዚያ ሙያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ሲገጥመን የሚያስፈልገን ሁለገቡ ጠጋኝም ጠቅላላ ሥራ ተቋራጩም ላይሆን ይችላል፤ አንድ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን በቂ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በርዕሱ ላይ እንደተቀመጠው የሁለት መንገድ ምርጫ ቢመስልም፣ በተግባር ግን ሦስት፣ አንዳንዴም መሐንዲሱ ሲጨመር አራት መንገዶች አሉት።

መጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ

ማንን እንደምንጠራ ከመወሰናችን በፊት የተበላሸው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን፤ ዓይናችን የሚያየው ምልክቱን ነውና። የኮርኒስ ላይ እድፍ ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ቡናማ ክብ እድፍ የታየበት ባለቤት ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ ቀለም ቀቢውም እንደታዘዘው በደንብ ቀብቶ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እድፉ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ውስጥ ቀለም ቀቢው ያጠፋው ነገር የለም፤ የተጠራው ለተሳሳተ ሥራ ነው። ውሃው ከተነቀለ የጣሪያ ምስማር፣ በቅጠል ከተደፈነ አሸንዳ፣ ከላይኛው ፎቅ የመታጠቢያ ወለል ወይም ከሚንጠባጠብ ቧንቧ ሊመጣ ይችላል፤ እያንዳንዱም የተለየ ባለሙያ ይጠይቃል። ምንጩን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የእድፉን ዳር በእርሳስ አክብቦ ቀኑን ይጻፉበት፤ የሚሰፋው ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ ጣሪያውን፣ ዝናብ ሳይኖርም የሚሰፋ ከሆነ የቤቱን ቧንቧ ይጠርጥሩ። ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን መመልከትም ይጠቅማል፤ ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ ውሃው በአንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ስንጥቅ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልስን ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች መታየታቸው የተለመደ ነው፤ እነዚህን ጠጋኝ ደፍኖ ይቀባቸዋል። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በብሎኬቱ ወይም በጡቡ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ደረጃ የሚወርድ፣ አንደኛው ጫፉ ከሌላው የሚሰፋ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ወይም በዚያው ሰሞን በሮችና መስኮቶች መዝጋት እያቃታቸው ከመጡ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ጠጋኝም ተቋራጭም ሳይሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። መሐንዲሱ መፍትሔውን በጽሑፍ ካስቀመጠ በኋላ ተቋራጩ ያንን ተከትሎ ይሠራል። ምርመራውንና ጥገናውን ለየብቻ ሰው መስጠት ጠቃሚ ነው ብዬ የምመክረው፣ መርማሪው ከጥገናው ስፋት የሚያገኘው ጥቅም እንዳይኖር ነው። አደጋው ያን ያህል የሚያጣድፍ ካልመሰለ ደግሞ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ስፋቱን ለክቶ፣ ከቀኑ ጋር መመዝገብና ለጥቂት ወራት መከታተል ይቻላል፤ ይህ መዝገብ ለመሐንዲሱ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይናገራል።

ለጠጋኝ የሚሆነው ሥራ

የጠጋኝ ሥራ ሦስት መለያዎች አሉት፤ ሥራው በዓይን የሚታይ ነው፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቃል፣ ቢበላሽም ጉዳቱ ከዚያው ከተሠራው ነገር አያልፍም። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጎማ መቀየር፣ የተንጋደደ የቁም ሣጥን በር ማስተካከል፣ የተሰበረ መስታወት መተካት፣ መደርደሪያና መጋረጃ መስቀያ መግጠም፣ አንድ ክፍል መቀባት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ የተነቀለች አንድ ሁለት ሴራሚክ መመለስ፣ ቁልፍ መለወጥ፣ የእጅ መታጠቢያ ሲፎን ፈትቶ ማጽዳት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ሥራዎች ትንሽ ናቸው ተብለው መዘግየት የለባቸውም። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ያፈስሳል፤ ይህም እንደ ጠብታው መጠን ከ10 ሊትር እስከ 20 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ሥራ ተቋራጭ መጥራት ግን ለሁለቱም ወገን ድካም ነው፤ ብዙ ተቋራጮች እንዲህ ያለውን ሥራ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም ከትልቁ ሥራቸው ኋላ ያስቀምጡታል።

ጠጋኝን በአግባቡ ለመጠቀም የሚያስችለው ትልቁ ነገር ሥራን አጠራቅሞ መጥራት ነው። ለአንድ የላላ ማጠፊያ ከመጥራት ይልቅ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ የተበላሸውን ሁሉ በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ዕቃ መጠንና ዓይነት ቢጽፉና ፎቶ አንሥተው አስቀድመው ቢያሳዩት፣ ሰውየው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ይዞ ስለሚመጣ የቀን ክፍያው በመመላለስ አይባክንም። ዝርዝሩን ሲያሳዩት «ይህኛው የእኔ ሥራ አይደለም» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመዎት ስልክ ቁጥሩን በጥንቃቄ ይያዙ፤ የችሎታውን ድንበር የሚያውቅ ሰው ከሁሉም በላይ የሚታመን ነው። ሁሉን እችላለሁ የሚለው ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ኤሌክትሪክ፣ ጋዝና ከፍታ

ከዚህ በኋላ የምናነሣቸው ሥራዎች በመጠን ትንሽ ሊሆኑ ቢችሉም ለሁለገብ ጠጋኝ መሰጠት የለባቸውም፤ በእነዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና። ኤሌክትሪክ ቀዳሚው ነው። አምፖል መቀየር ማንም ይችላል፤ በብዙ ቦታ የተሰበረ የሶኬት ክዳንም ኃይሉ ከዋናው ከተቋረጠ በኋላ በጠጋኝ ሊቀየር ይችላል። አዲስ መስመር መሳብ፣ የብሬከር ሳጥን መክፈት ወይም ከባድ መሣሪያ መጨመር ግን የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 3,000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማሞቂያ በ220 ቮልት ላይ ወደ 13.6 አምፔር ይስባል። ይህንን ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ የቀጠለ ሰው ማሞቂያውን ያሠራዋል፤ ባለቤቱም ሥራው እንደተሳካ ያምናል፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ እየጋለ ይቆያል። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መተካት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና፣ ከሽቦው አቅም በላይ የሆነ ብሬከር ሽቦው እስኪቃጠል ድረስ ዝም ይላል። የተጠራው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ እያለ፣ የአርዝ መስመሩ በትክክል መሥራቱንና ሰውን ከንዝረት የሚጠብቀው በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ መኖሩን እንዲፈትሽልዎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጋዝ የሚሠሩ ምድጃዎችና ማሞቂያዎችም እንዲሁ ናቸው። ጋዝ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው መመረዙን ሳያውቅ ይገድላል። ስለዚህ የጋዝ መስመርንም ሆነ የጭስ መውጫን የሚነካ ማንኛውም ሥራ ለዚሁ ሙያ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ይሰጥ።

ከፍታ ላይ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ቢያንስ ተገቢውን መሣሪያ ይጠይቃል። መሰላል ለአጭር ሥራ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን በየ4 ሜትር ከፍታው እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ርቆ መቆም አለበት። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ የሚያውል ሥራ ግን መወጣጫና የደኅንነት ቀበቶ ላለው ድርጅት ቢሰጥ ይሻላል። የቆየ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ በድሮ ቤቶች ጣሪያና ኮርኒስ ላይ አስቤስቶስ ያለበት የሲሚንቶ ሰሌዳ ሊኖር ይችላል፣ የቆየ ቀለምም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ሳይነኩ ሲቀመጡ ጉዳታቸው አነስተኛ ነው፤ ሲቆረጡ፣ ሲቦረቦሩና በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈጉ የሚወጣው አቧራ ግን አደገኛ ነው፤ በተለይ የእርሳሱ አቧራ ሕፃናትን ይጎዳል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ማፍረስ ወይም መፋቅ ከመጀመሩ በፊት ናሙና አስመርምሮ መነሣት ተገቢ ነው።

ሥራ ተቋራጭ የግድ የሚሆንበት ጊዜ

ከሁለት በላይ ሙያዎች እርስ በርስ ተጠባብቀው የሚሠሩበት፣ ቤቱን የተሸከመው አካል የሚነካበት ወይም የግንባታ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ለተቋራጭ ይሰጣል። ግድግዳ አፍርሶ ሁለት ክፍሎችን አንድ ማድረግ፣ ክፍል መጨመር፣ ጣሪያን ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ መሠረት ማጠናከር፣ የፍሳሽ መስመር እንደ አዲስ መዘርጋትና ማዕድ ቤትን ወይም መታጠቢያ ቤትን ከሥሩ ማደስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ግድግዳው ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን አንኳኩቶ ማወቅ አይቻልም፤ ይህንን የሚወስነው የቤቱን ፕላን ያየ መሐንዲስ ነው።

የመታጠቢያ ቤት እድሳት የቅንጅትን ዋጋ በደንብ ስለሚያሳይ ትንሽ እንቆይበት። ሥራው በማፍረስ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፤ የፍሳሽ ቱቦው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ ይኖርበታል። ከዚያ ግድግዳው ይለሰናል፣ ወለሉም ወደ ውሃ መውረጃው እንዲያጋድል ተደርጎ ይሞላል፤ ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ይቀባል። ሽፋኑ ከደረቀ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይሞላና ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ የውሃው ልክ ካልጎደለ፣ ከሥር ያለው ኮርኒስም ካልረጠበ ብቻ ሴራሚክ ይነጠፋል። በመጨረሻ መገጣጠሚያው ይሞላና ዕቃዎቹ ይገጠማሉ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ቢዘለል ወይም ቢገለበጥ ሁሉም ይበላሻል። ብዙ ባለቤቶች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ይህንን ሥራ ቆራርጠው ለተለያዩ ሰዎች ይሰጡታል፤ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምርም ሴራሚክ ሠራተኛው በቧንቧ ሠራተኛው፣ የቧንቧ ሠራተኛውም ሽፋኑን በቀባው ሰው ያሳብባል፣ ሦስቱም በከፊል እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ባለቤቱ ግን የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ሥራን ቆራርጦ መስጠት የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ቅደም ተከተሉን የሚያውቅና በየዕለቱ ሥራው ላይ ሊገኝ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። በሥራ ቀን ቢሮ የሚውል ሰው ይህንን ባይሞክረው እመክራለሁ።

ዋጋና ውል

ለተቋራጭ ሥራ ቢያንስ ከ3 ሰዎች ዋጋ መቀበል ጥሩ ነው፤ ይሁንና ዋጋዎቹ የሚነጻጸሩት ሦስቱም ለአንድ ዓይነት ሥራ ሲሰጡ ነው። ስለዚህ አስቀድመው የሥራ ዝርዝር ያዘጋጁ፤ ስንት ካሬ ሜትር፣ ምን ዓይነት ዕቃ፣ ስንት እጅ ቀለም፣ ፍርስራሹን ማን እንደሚያስወግድ ሁሉ ይጻፍ። ከሌሎቹ እጅግ የወረደ ዋጋ ሲመጣ ከመደሰት በፊት የተረሳው ምን እንደሆነ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከሽፋን በታች ያለው፣ ባለቤቱ የማያየው ሥራ ነው። የተቋራጩን ፈቃድ ቁጥር ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ፤ ከዚህ በፊት ሠርቶ ካስረከባቸው ቤቶች ቢያንስ አንዱን በአካል ይመልከቱ፤ ቢቻል ከተረከቡት አንድ ዓመት ያለፈውን ይምረጡ፣ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራልና።

ሠራተኛ በእርስዎ ቤት ውስጥ ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን ሥራ ሳይጀመር መጠየቅ አለበት። ተቋራጩ ኢንሹራንስ አለኝ ካለ የኢንሹራንሱን ወረቀትና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ጠጋኞች ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንስ አይኖራቸውም፤ አደገኛ ሥራ ለእነርሱ ላለመስጠት ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ የሰውየው ደኅንነት የእኛም ጉዳይ ስለሆነ።

ለጠጋኝ ክፍያው ሥራው አልቆ ከታየ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ለዕቃ መግዣ ቅድሚያ ከጠየቀ ዕቃውን ራስዎ ቢገዙ ነገሩ ይቀላል። ስምምነቱ ትንሽም ቢሆን በስልክ መልእክት ተጽፎ ይቀመጥ። ለተቋራጭ ግን የተሟላ ውል የግድ ነው፤ በውሉ ላይ የሥራው ዝርዝር፣ የመጀመሪያና የማጠናቀቂያ ቀን፣ የዋስትና ጊዜ፣ ለመዘግየት የሚቆረጠው ቅጣት ይሠፍራል። ክፍያው ከተሠራው ሥራ ጋር እኩል እየሄደ በየደረጃው ይፈጸማል እንጂ ከሥራው አይቀድምም። ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን እስከ መጨረሻው ርክክብ ማስቀረት በግንባታ ሥራ የታወቀ አሠራር ነው፤ ይህንን በአክብሮት ቢያነሡት የሚቀየም ተቋራጭ አይኖርም። ውል የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመካከል «ይህንንም ጨምርልኝ» ተብሎ በቃል የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ተጨማሪ ሥራ ሲኖር ሥራው፣ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን በጽሑፍ ሠፍሮ ሁለቱም ወገኖች ሳይፈርሙበት መዶሻ መነሣት የለበትም።

ኮንክሪት በተሞላበት ሥራ ላይ መቸኮልን ተው ማለት የባለቤቱ ድርሻ ነው። ኮንክሪት የተነደፈለትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። መደገፊያውን ቶሎ ነቅሎ ወደ ሌላ ቤት ለመውሰድ የሚጣደፍ ሠራተኛ ካለ፣ ተቋራጩ ወይም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ እንዳይነካ አድርጉ።

በመጨረሻም ግድግዳው ከመለሰኑና ወለሉ ከመሸፈኑ በፊት የተዘረጋውን ቧንቧና ሽቦ በሙሉ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሡ፤ ከወለሉና ከቅርቡ ማዕዘን ያለው ርቀት በግልጽ ይታይ። ከዓመታት በኋላ አንድ ጠጋኝ መደርደሪያ ሊሰቅል ድሪሉን ሲያነሣ፣ የት መብሳት እንደሌለበት የሚያሳየው ያ ፎቶ ነው።